ግራፍ ከማመን በፊት ሚዛኑን ማየት

አጎቴ ጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ ብዙም ሳይርቅ፣ ቡና አላቸው። ጀንፈል፣ ማለትም ደርቆ ያልተፈለፈለ ቡና፣ አስጭነው ቡና ሰብሳቢ ዘንድ ሲሄዱ የማይተዉት ልማድ አለ። ጆንያው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብለው መርፌውን ያያሉ። ዜሮ ላይ ካልቆመ «አስተካክለው እንጂ» ይላሉ። ሰብሳቢው የዘመድ ልጅ ቢሆንም ይላሉ። ማንም አይቀየማቸውም። እኛ አገር ሚዛን ማየት ስድብ አይደለም።

እኚሁ ሰው ባለፈው ለሐኪም ቀጠሮ ጅማ መጥተው እኛ ጋ አደሩ። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀርቦ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ስልካቸውን አወጡ። ቴሌግራም ላይ የደረሳቸው ግራፍ ነው። ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። አንዱ ድንክዬ፣ ሌላው ከጎኑ እንደ ፎቅ የተገተረ። ከላይ «የቡና የውጭ ንግድ ገቢ» የሚል በትልልቁ ተጽፏል።

«አንተ ቁጥር ታውቃለህ» አሉኝ። «ይኼ ሁሉ ገንዘብ በየት በኩል አለፈ? የኔን ደጅ አላንኳኳም።»

ስልኩን ተቀብዬ ምስሉን በሁለት ጣት አሰፋሁት። በግራ በኩል፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ የቋሚው መስመር መነሻ ተጽፏል። 1.3 ይላል። ዜሮ አይልም።

«አጎቴ፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ አልነበረም» አልኳቸው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ውሸት አይደሉም። ኢትዮጵያ በ2016 የበጀት ዓመት ከቡና ወደ 1.43 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። በ2017 ደግሞ ወደ 2.65 ቢሊዮን። ትልቅ ዕድገት ነው። የመጀመሪያው በ1.85 ቢባዛ ሁለተኛውን ይሰጣል፤ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው። መነሻው 1.3 ሲሆን ግን ከመጀመሪያው ዓምድ የሚታየው 0.13 ብቻ ነው። ከሁለተኛው የሚታየው 1.35። ዓይን የሚያወዳድረው የሚታየውን ነው። ስለዚህ ዓምዱ ከአሥር እጥፍ በላይ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩን የሚያነብ አንድ ነገር ይረዳል። ሥዕሉን ብቻ የሚያይ ሌላ ነገር። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን ሥዕሉን አይተን ነው የምናልፈው።

ይኼ ዘዴ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ፎክስ ኒውስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሥራ ላይ የነበረው የግብር ቅነሳ ካልተራዘመ ምን እንደሚሆን በሁለት ዓምዶች አሳይቶ ነበር። ከፍተኛው የግብር መጠን ከ35 በመቶ ወደ 39.6 በመቶ ይወጣል ነው ነገሩ። መነሻው 34 ነበር። የ4.6 ነጥብ ልዩነት በስክሪኑ ላይ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ታየ። ያ ምስል ዛሬም ስለ ግራፍ በሚያስተምሩ ሰዎች እጅ ይዞራል።

ሁልጊዜ ተንኮል ነው ማለቴ አይደለም። ኤክሴል የሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ራሱ፣ ቁጥሮቹ ሲቀራረቡበት፣ ማንም ሳያዘው መነሻውን ከዜሮ ከፍ ያደርገዋል። ሠሪው ሳያየው ይለጥፈዋል። ውጤቱ ግን ያው ነው። ሰብሳቢው ሆን ብሎ ሚዛኑን ቢያዛባውም፣ ሚዛኑ አርጅቶ ቢዛባም፣ ገበሬው የሚያጣው ኪሎ አንድ ነው።

የዓምድ ጉዳይ ካነሳን የጀበናም አለ። አንዳንድ ሠሪዎች ዓምድ ይደብራል ይሉና በቦታው ጀበና ይሥላሉ። ለትንሹ ዓመት ትንሽ ጀበና፣ ለትልቁ ትልቅ። ያምራል። ግን 1.85 እጥፍ ለማሳየት ቁመቱን በ1.85 ሲያሳድጉት ወርዱም አብሮ ያድጋል፤ አለበለዚያ ጀበናው ቀጭኔ ይመስላል። ቁመትም ወርድም አንድ ላይ ሲያድጉ ወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ ወደ 3.4 እጥፍ ይሆናል። እንደ እውነተኛ ጀበና ካሰብነው ደግሞ የሚይዘው ቡና ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ባለ 1.85 ወሬ ባለ 6 ጀበና ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ከዜሮ ያልጀመረ ግራፍ ሁሉ ውሸታም ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ዓምድ ከዜሮ መጀመር አለበት፣ ምክንያቱም የምናነበው ርዝመቱን ነው። መስመር ግን ሌላ ሥራ አለው፤ የሚነግረን መውጣትና መውረዱን ነው። ወባ ያለበትን ሰው አስቡ። የሰውነቱ ሙቀት ከ37 ወደ 40 ዲግሪ ወጣ። ይኼን ከዜሮ በሚነሳ ግራፍ ብትሥሉት መስመሩ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል። በሽተኛው እየነደደ ግራፉ «ምንም የለም» ይላል። ለዚህ ነው የሙቀት መከታተያ ወረቀት ከ35 ዲግሪ አካባቢ የሚነሳው። ጥያቄው መነሻው ዜሮ ነው አይደለም ብቻ ሳይሆን፣ መነሻው ለሚነገረው ነገር ይመጥናል ወይ ነው።

ወደ አጎቴ ግራፍ እንመለስ። ሚዛኑን አስተካከልን፤ 1.85 እጥፍ ሆነ። ከምን መጣ? ገቢ ማለት ክብደት ሲባዛ በዋጋ ነው። በ2016 የተላከው ወደ 298 ሺህ 500 ቶን ነበር። በ2017 ወደ 469 ሺህ ቶን ደረሰ። ገቢውን ለክብደቱ አካፍሉት። የአንድ ኪሎ አማካይ ዋጋ ከ4 ዶላር ከ79 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር ከ65 ሳንቲም ግድም ይመጣል። ክብደቱ 57 በመቶ፣ የኪሎው ዋጋ 18 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። አብዛኛው ዕድገት የመጣው ብዙ ቡና በመላኩ ነው። ዓምዱ ይኼን አይነግረንም። ዋጋው ብቻ ቢወጣም፣ ክብደቱ ብቻ ቢጨምርም፣ ዓምዱ ያው ዓምድ ነው።

በዚያው ወቅት የዓለም ገበያ ጦዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኒውዮርክ ላይ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰበረ። የብራዚል ድርቅ አንዱ ምክንያት ነበር። እዚህ ላይ መለኪያ ያምታታል። ኒውዮርክ በፓውንድ ይናገራል፣ ላኪው በቶን፣ እኛ ደግሞ በኪሎና በፈረሱላ። ፓውንዱ 4 ዶላር ሲባል ኪሎው 8 ዶላር ከ80 ነው። 17 ኪሎዋ ፈረሱላ ደግሞ 150 ዶላር ግድም። ግራፍ ሠሪው አንዱን ቁጥር በፓውንድ፣ ሌላውን በኪሎ ጎን ለጎን ካቆመው ፀብ ይፈጥራል። እንዲህ ያለ ግራፍ አይቼ አውቃለሁ፤ ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው ይሰዳደባል።

የብሩ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። ከዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆነ። አሁን ያንኑ የቡና ገቢ በብር ሣሉት። ለሙከራ የመጀመሪያውን በ57፣ ሁለተኛውን በ130 እናባዛው። ዓመቱን ሙሉ 130 አልነበረም፤ ለጨዋታ ያህል ነው። ከ81 ቢሊዮን ብር ወደ 344 ቢሊዮን ብር ይዘልላል። ከአራት እጥፍ በላይ! በዶላር ግን ሁለት እጥፍ አልሞላም። ማመስገን የፈለገ በብር ይሥለዋል። ማናናቅ የፈለገ ዶላሩን ይመርጣል። ሁለቱም ካልኩሌተር ይዘው ይምላሉ።

የዋጋ ንረት ግራፍ ላይ ደግሞ ጅማ ውስጥ ሰው ሲጨቃጨቅ ያልሰማሁበት ካፌ የለም። መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። በ2014 መጨረሻ ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ዓመታዊ ንረት በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ግድም ወርዷል። አንዱ «ይኸው ወረደ» ይላል። ሌላው «የት ወረደ? ዘይቱን ሂድና ጠይቅ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መስመሩ የሚያሳየው ዋጋን አይደለም። ዋጋ የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ የሚሄድ መኪና ከ80 ወደ 40 ፍጥነቱን ቢቀንስ ወደ ጅማ እየተመለሰ ነው አንልም። አሁንም ወደ አጋሮ ነው የሚሄደው፣ ቀስ ብሎ። በቁጥር እንየው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ሲጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት በ14 በመቶ ሲጨምር 148 ብር ከ20። ንረቱ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ዕቃው ግን ተወደደ። ዋጋ የሚወርደው መስመሩ ከዜሮ በታች ሲገባ ብቻ ነው። ይኼን አንድ ዓረፍተ ነገር ከግራፉ ሥር የሚጽፍ ሰው ቢኖር ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

በዚያ ላይ ንረት አማካይ ነው። ንረቱን ለመለካት ከሚመዘነው የሸቀጥና የአገልግሎት ቅርጫት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው፤ የቀረው ቤት ኪራይ፣ ልብስ፣ ትራንስፖርት እያለ ይሄዳል። ገቢውን ሁሉ ለእህልና ለዘይት የሚያወጣ ቤተሰብ የሚሰማው ንረት ከግራፉ ሊለይ ይችላል። ያ ቤተሰብ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ግራፉም አልዋሸም። የሁለቱ ቅርጫት ይለያያል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያ ልሂድ። ይኼ የውጭ አገር ግራፍ ተቺዎች የማይደርሱበት የራሳችን ጣጣ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ስለዚህ «2017» ሲባል ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከጁላይ 2024 እስከ ጁላይ 2025 ነው። ለተራው ሰው ከመስከረም እስከ ጳጉሜ። ፈረንጅ ጽሑፍ ላይ ካየነው ደግሞ ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት የነበረ ሌላ ዘመን። አንድ ግራፍ ላይ ግማሹ ዓመት በእኛ፣ ግማሹ በእነሱ ተቆጥሮ አይቻለሁ። መስመሩ መሐል ላይ ዘልሏል። ከሥሩ ሰው ዝላዩን በፖለቲካ ይተነትናል። ዘልሎ የነበረው ካላንደሩ ነው።

ጳጉሜስ? አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት። ለብቻዋ እንደ ወር ከተሣለች ሁሌም ገደል ትመስላለች። ከነሐሴ ጋር ከተደመረች ነሐሴ ያብጣል። ዘጠኝ ወርን ከአሥራ ሁለት ወር ጋር ማወዳደርም የተለመደ ነው። የመጨረሻው ዓምድ አጭር የሆነው ዓመቱ ገና ስላላለቀ ነው። «የዘጠኝ ወር» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ተደብቋል።

ወቅትም አለ። እዚህ አካባቢ ቡና የሚለቀመው ክረምቱ ወጣ ሲል ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ቡናው ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ተበጥሮ፣ ተጓጉዞ መርከብ ላይ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ የቡና ሽያጭ በተወሰኑ ወራት ቢያድግ በተወሰኑት ቢወርድ ተፈጥሮው ነው። አንድ ባለሥልጣን ጥር ላይ ተሹሞ ሽያጩ ግንቦት ላይ ቢጨምር ሹመቱ ነው ያመጣው አንልም። ጅማ ውስጥ በሰኔ ጃንጥላ የሚሸጥ ሰውም በራሱ ብልጠት ነው የበለጸገው አንልም። ግንቦትን ከአምናው ግንቦት ጋር ማወዳደር ነው ያለው።

ሁለት መስመር በአንድ ግራፍ ላይ ሲሣል ደግሞ አንድ ክፉ ዘዴ ይመጣል። በግራ አንድ መለኪያ፣ በቀኝ ሌላ። አንዳንዴም ጭራሽ መለኪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ፕላንድ ፓረንትሁድ ስለተባለው የጤና ድርጅት የቀረበው ግራፍ እንዲህ ነበር። ሁለት ቀስቶች እንደ መስቀል ይተላለፋሉ። አንዱ የካንሰር ምርመራ ነው፤ ከ2006 እስከ 2013 ከ2 ሚሊዮን ወደ 935 ሺህ ወረደ። ሌላው ጽንስ ማቋረጥ፤ ከ290 ሺህ ግድም ወደ 327 ሺህ ወጣ። ቁጥሮቹ እዚያው ተጽፈዋል። ግን ሥዕሉ ላይ 327 ሺው ከ935 ሺው በላይ ተቀምጧል። ቋሚ መስመር ስላልነበረ ማንም አልከለከለውም። ስለ ጉዳዩ የፈለጋችሁትን አመለካከት ያዙ፤ 327 ከ935 አይበልጥም።

የሚብሰውን ልንገራችሁ። በኮቪድ ጊዜ፣ በሜይ 2020፣ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት አንድ የዓምድ ግራፍ አወጣ። የበሽተኛው ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ያሳያል። ደስ ይላል። ሰው ቀኖቹን ሲያነብ ግን በቅደም ተከተል አልነበሩም። ቁልቁለት እንዲመስል ትልቁ ዓምድ ወደ ግራ፣ ትንሹ ወደ ቀኝ ተደርድሯል። ግራፉ ተስተካከለ፤ የአገረ ገዥው ቢሮም ይቅርታ ጠየቀ። ጊዜ የቀብር ዕድር ተራ አይደለም፣ እንደፈለጉ አያለዋውጡትም።

ካርታ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን አንድ ምሳሌ ከእኛው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ዞን 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበረው። ጋምቤላ ክልል ወደ 307 ሺህ። በስፋት ግን ጋምቤላ ዞናችንን ሁለት እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ካርታው በቀለም ሲቀባ ዓይን የሚያየው መሬቱን ነው። ስምንት እጥፍ ሰው የያዘው ቁራሽ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባማ ጭራሽ አትታይም። ስለ ሰው የሚያወራ ካርታ መሬት እየቆጠረ መሆኑን ማስታወስ ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ የጠቀስኩት ቆጠራ የ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም። «በነፍስ ወከፍ» የሚል ማንኛውም ግራፍ የሚያካፍለው ለግምት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን ይበልጣል። የራሳችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ግምት ደግሞ 110 ሚሊዮን ግድም። ለምሳሌ 100 ቢሊዮን ዶላርን ለ130 ሚሊዮን ብታካፍሉት 769 ዶላር ይደርሳል። ለ110 ሚሊዮን ሲሆን 909። ማንም ሳይሠራ፣ ማንም ሳይነግድ፣ እያንዳንዳችን 140 ዶላር «ሀብታም» ሆንን። ሁለት ግራፎች ሲጣሉ ካያችሁ መጀመሪያ አካፋያቸውን ጠይቁ።

የቴሌግራም የድምፅ መስጫማ ግራፍ ከተባለ ይቅር። ያን ቻናል የሚከታተሉ ሰዎች ያን ቻናል ስለሚከታተሉ ሰዎች የነገሩን ነው። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሣለ ምስል ሲሆን ደግሞ ቁጥሩና ዓምዱ ጭራሽ የማይተዋወቁበት ጊዜ አለ፤ 40 ከ60 ረዝሞ አይቼ ነው።

አጎቴ ይኼን ሁሉ አልሰሙም። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ የያዙት ያንኑ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። «እሺ፣ ሚዛኑ ተስተካከለ። የኔስ የታለች?»

የእሳቸው እዚያ ግራፍ ላይ የለችም። ግራፉ የላኪዎች ዶላር ነው። በገበሬውና በመርከቡ መሐል ሰብሳቢ አለ፣ አቅራቢ አለ፣ መጋዘን፣ ጭነት፣ ባንክ አለ። የጀንፈል ዋጋ በሌላ ወረቀት ነው የሚገኘው። «የእርስዎን ካሰቡ እንሥለው» አልኳቸው። አላሰቡም፤ ጽፈዋል። አንዲት የልጅ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ስንት ፈረሱላ በስንት ብር እንደሸጡ በየዓመቱ መዝግበዋል። ቁጥሮቹን በስልክ ከቤት አስነበቡልኝ። ባለ መስመር ወረቀት አወጣሁ። ከዜሮ ጀመርኩ። አራት ዓምዶች አቆምን።

አምስተኛው ጋ ስንደርስ ደብተሩ ላይ የዚያ ዓመት ገጽ የለም። ልጆች ቀደውታል። እጄ ወደ ዜሮው ሄደች።

«ዜሮ እንዳትጽፍ» አሉኝ። «እሱን ዓመት ሸጫለሁ። ባዶውን ተወውና ከሥሩ 'ልጆች ቀደዱት' ብለህ ጻፍ።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ለሰብሳቢው ሊያሳዩት ነው።